በክረምት ፈረስ ለሚቀመጥ ሰው ስለሚሻለው ጓንት

ክረምት ሲቃረብ በየቤቱ ስለ ካባና ስለ ጫማ፣ ስለ ባርኔጣና ስለ ጃንጥላ ይታሰባል። ስለ እጅ የሚያስብ ሰው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በፈረስ ተቀምጦ ለሚሄድ ሰው ከአካሉ ሁሉ ይልቅ ለዝናብና ለነፋስ ተጋልጦ የሚውለው እጁ ነው፤ ዛብ መያዝ ግድ ስለ ሆነበት በካባው ውስጥ ሊሸሽገው አይችልምና። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ዐምዳችን ሙቀት የሚሰጥና ውሃ የማያስገባ የግልቢያ ጓንት እንዴት እንደሚመረጥ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ አስበናል።

ለምሳሌ የምንወስደው የሆለታን አገር ነው። ሆለታ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ የምትገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ደጋ ናት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አሠርተውባታል፤ በ1927 ዓመተ ምሕረትም የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶባታል። ዛሬም በከተማይቱና በዙሪያዋ ፈረስ ለጋሪና ለመቀመጫ ያገለግላል። በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ሲዘንብባት፣ የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ማለዳም ውርጭ የሚታይበት ቀን አለ። እንግዲህ የሆለታ ፈረሰኛ ሁለት ጠላቶች አሉት ማለት ነው፤ በክረምት ርጥበት፣ በበጋ ማለዳ ደረቅ ብርድ።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያሳስት አንድ የቃል ነገር አለ። በአውሮፓ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው የበረዶ ወራት በእኛ ቋንቋ ሲተረጐም ክረምት ይባላል። ስለዚህ በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ «የክረምት ጓንት ላክልን» ቢባል፣ ለደረቅ ብርድ የተሠራውን፣ ገበሩ ወፍራም የሆነውን መርጦ ይልካል። ይህም ጓንት ለጥር ማለዳ መልካም ሲሆን፣ ውሃ የማያስገባ ሆኖ ካልተሠራ ለሐምሌ ዝናብ አይረባም። የእነርሱ ክረምት ብርድ ነው፤ የእኛ ክረምት ግን ዝናብ ነው። ጓንት የሚያስመጣ ሰው በየትኛው ወር ሊጋልብበት እንዳሰበ አስቀድሞ ይግለጽ።

ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም። ውሃ ሙቀትን ጸጥ ካለ አየር ይልቅ ወደ 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ከአካል ይወስዳል። የረጠበች እጅ ትደነዝዛለች፤ የደነዘዘች እጅም የምትይዘውን መጠን አታውቅም። ወይ ዛቡን አጥብቃ ትጐትታለች፣ ወይ ሳይታወቃት ትለቃለች። የአገራችን የቀድሞ ልጓም የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ የብረት ቀለበት ያለው ጠንካራ ልጓም ስለ ሆነ፣ በደነዘዘ እጅ ሲጐተት የፈረሱን አፍ ያቈስላል። በተቃራኒው የሞላ ወንዝ በሚሻገሩበት ወይም በዋልካ ጭቃ በሚወርዱበት ጊዜ ዛብ ከእጅ ቢያመልጥ የሰው ሕይወት ይጠፋል። አፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክን አባ ዳኘው ብሎ በፈረስ ስማቸው የጠራ ሕዝብ ለፈረሱ አፍ ሊያስብ ይገባዋል።

አሁን ጓንት ወደሚሠራበት ነገር እንለፍ። የሱፍ ሹራብ ጓንት ጥቂት ሲረጥብም እንኳ ሙቀቱን ፈጽሞ አይለቅም፤ ነገር ግን ነፋስና ዶፍ ያሳልፋል፣ በረጠበ ዛብም ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ብቻውን ሳይሆን ከሌላ ጓንት በታች ለገበርነት ይሻላል። የጎማ ጓንት ውሃ አያስገባም፤ ግን ላብም አያስወጣምና እጅ ከውስጥ ይረጥባል። ኒዮፕሪን የሚባለው በ1930 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተገኘው ሰው ሠራሽ ጎማ ሙቀት ይይዛል፤ ለዶፍ ዝናብም ይበጃል፤ ዳሩ ግን ወፍራሙ የዛቡን ስሜት ይደብቃል። ከሁሉ የሚሻለው በላዩና በገበሩ መካከል ቀጭን ሽፋን ያለበት ነው፤ ይህ ሽፋን የውሃ ጠብታ አያሳልፍም፣ የላብ እንፋሎት ግን ያስወጣል። ዋጋው ከሌሎቹ ይልቅ ከፍ ይላል።

ስለ ቆዳ ስንናገር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የኢትዮጵያ የደጋ በግ ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ በዓለም የጓንት ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ በውጭ አገር የጎልፍ ተጫዋቾች የሚያጠልቁት ጓንት ከዚሁ ቆዳ ይሠራል። የዛብን ስሜት ለእጅ የሚያደርስ እንደ እርሱ ያለ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለበጋ ማለዳ ከውስጡ ቀጭን የሱፍ ገበር ያለው የበግ ቆዳ ጓንት ይበቃል። ለክረምት ግን ቆዳው መዳፉ ላይ ብቻ ሆኖ፣ የቀረው ውሃ በማያስገባ ጨርቅ የተሠራ ይመረጥ።

ልኩ የሚታወቀው አውራ ጣት ሳይጨመር የመዳፉ ዙሪያ በጣቶች ሥር ባሉት አንጓዎች ላይ ሲለካ ነው፤ 8 ኢንች ከሆነ ቍጥሩ 8 ይሆናል። ጓንቱን አጥልቆ ጡጫ መጨበጥና ቀጭን ጠፍር በትንሿ ጣትና በቀለበት ጣት መካከል አሳልፎ መያዝ ይገባል። ጠፍሩ በግልጽ ካልተሰማ ጓንቱ ወፍራም ነው፤ ጣቶች ከተጨነቁ ደግሞ ደም በደንብ ስለማይዘዋወር ብርዱ ይብሳል። ዛብ የሚያልፍበት ስፍራ በድርብ ቆዳ የተጠናከረ መሆኑ ይታይ። በጉግስ እንደሚደረገው ዛቡን በግራ እጁ ብቻ የሚይዝ ሰው የግራውን አጥብቆ ይመርምር። ውሃ አያስገባም የተባለውን ለማረጋገጥ፣ ጓንቱን አጥልቆ እስከ አንጓ ድረስ በውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ማቈየት ነው፤ ጉድለቱ ብዙ ጊዜ በስፌቱ በኩል ይገለጣል። የጋላቢ እጅ ከክርኑ ዝቅ ስለሚል የዝናብ ልብሱ እጅጌ ከጓንቱ በላይ ይውረድ፤ ይህ ካልሆነ ውሃው በእጅጌው ወርዶ ጓንቱን ይሞላዋል።

ስለ አያያዙም የቤት እመቤቶች እንዲያስቡበት እናሳስባለን። የረጠበ የቆዳ ጓንት በእሳት ዳር ከተሰጣ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ በውስጡ ወረቀት ከትቶ በጥላ ማድረቅ ይሻላል። ከደረቀ በኋላ ንጹሕ ሰምና ሞራ አቅልጦ አቀዝቅዞ በለስላሳ ጨርቅ በስሱ መቀባት ውሃ እንዳይጠጣ ይረዳዋል። ሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል ያለባት የማር አገር ናትና ሰም የሚያጣ ሰው አይኖርም። ነገር ግን ሽፋን ባለው የጨርቅ ጓንት ላይ ሰም አይቀባ፤ የላብ መውጫውን ይደፍነዋል።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምራለን። ለራሱ መልካም ጓንት የሚገዛ ሰው፣ ከዝናብ በታች ቆሞ ፈረሱን የሚጠብቅለትን ልጅና ቀኑን ሙሉ ዛብ ይዞ የሚውለውን ባለ ጋሪ ያስታውስ። እርሱ አንድ ሰዓት ሲጋልብ እነርሱ ከጥዋት እስከ ማታ ባዶ እጃቸውን ናቸው። ፈረስ መቀመጥ ለሚማር ልጅም የአባቱ ጓንት አይሆነውም፤ በልኩ ይገዛለት። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም እንደ ተባለ፣ ጓንትም እጅን ይጠብቃል እንጂ መጋለብን አያስተምርም። ሆኖም የሞቀችና የደረቀች እጅ ለፈረሱ ትራራለች፤ ጌታዋንም በደኅና ወደ ቤቱ ትመልሳለች።