ዶላሩን አታባዙት

ባለፈው ቅዳሜ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ጎረቤቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጋሼ፣ ያ ልጄ ከሄደ ሰባት ወር ሞላው። እስከ ዛሬ መቶ ዶላር እንኳ አልላከም። እዚያ ሲገቡ ልባቸው ይለወጣል የሚባለው እውነት ነው እንዴ?» አሉኝ። ልጃቸው ዲቪ ደርሶት የሄደ ነው፤ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ይኖራል። ምን እንደሚሠራ ጠየቅኳቸው። «መኪና ማቆሚያ ቦታ ነው፣ በሰዓት 16 ዶላር ይከፍሉታል» አሉና ወዲያው ጣታቸውን እያጠፉ ማባዛት ጀመሩ። ሳያቸው የዛሬ ሁለት ዓመት ራሴ ስቆጥር የነበረው ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በሂሳብ ሠራተኛነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ገቢና ወጪ ሳይመሳከር ሂሳብ እንደማይዘጋ ለስንቱ ጀማሪ አስተምሬያለሁ። የገዛ ልጄ ዘንድ ስደርስ ግን ገቢውን ብቻ ነበር የማየው።

ልጄ የሄደችው በጥር 2016 ነው፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ገና ሳትሳፈር ወጪው ተጀምሯል። ለኤምባሲው የቃለ መጠይቅ ክፍያ 330 ዶላር፣ የጤና ምርመራው ለብቻ፣ ግሪን ካርዱ ታትሞ እንዲላክላት ደግሞ በኢንተርኔት የሚከፈል 220 ዶላር። ትኬቱን የገዛላት ተቀባይዋ፣ የባለቤቴ የአክስት ልጅ ነው። እኛ በርበሬውን፣ ሽሮውንና ድርቆሹን በሁለት ሻንጣ ሞልተን ሸኘናት። የትኬቱ ገንዘብ ብድር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን «ዘመድ አይደል፣ ቀስ ብላ ትሰጠዋለች» ብዬ ከአእምሮዬ አወጣሁት። ለሂሳብ ሠራተኛ ይህ ትልቅ ነውር ነው፤ ዕዳን ከመዝገብ አይፍቁም።

ሁለት ወር ዘመዳችን ቤት ተቀመጠች። ሶሻል ሴኪውሪቲ የሚሉት ቁጥር ያለበት ካርድ በፖስታ እስኪመጣላት ጠበቀች፤ ያለዚያ ቁጥር ደመወዝ የሚከፍላት አላገኘችም። ከዚያ ትልቅ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ በሌሊት ፈረቃ፣ በሰዓት 18 ዶላር ተቀጠረች። ስልኩን እንደዘጋሁ ወረቀት አነሳሁ። በሳምንት 40 ሰዓት፣ በአራት ሳምንት 2,880 ዶላር። ያን ጊዜ የባንኩ ዋጋ 56 ብር ገደማ ነበርና ሲባዛ ከ160 ሺህ ብር በላይ ሆነ። የእኔን ጡረታ ከጎኑ ብጽፈው ስለሚያሳፍር አልጻፍኩትም።

ቀጥሎ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ። መንግሥት የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዶላር በባንክ ከ100 ብር አለፈ። ሰፈሩ ሁሉ ስለ ዶላር ያወራ ነበር። እኔም ያቺን ወረቀት አውጥቼ እንደገና አባዛሁ፤ ወደ ሦስት መቶ ሺህ ብር! ልጄ ተኝታ ስትነሳ በእጥፍ ሀብታም የሆነች ነው የመሰለኝ። ደመወዟ በአንዲት ሳንቲም እንዳልጨመረ፣ ኪራይዋም ምግቧም በዶላር እንደሆነ፣ የብሩ መውደቅ የሚሰማው እኛ ጓዳ እንጂ እሷ ኪስ ውስጥ እንዳልሆነ ማሰብ አልፈለግሁም።

ነሐሴ ላይ ጣሪያችን ማፍሰስ ጀመረ። ደወልኩላት። እውነቱን ለመናገር መለወጥ የነበረበት በጓዳው በኩል ያለው ጥቂት ቆርቆሮ ነበር። እኔ ግን «ዶላር እስከሆነ ድረስ» ብዬ ጣሪያውን በሙሉ አስገመትኩት፤ ኮርኒሱንና ቀለሙንም ጨመርኩበት። 1,200 ዶላር ብዬ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። «እሺ አባዬ» አለች። በሳምንቱ ገንዘቡ መጣ። ጎረቤት ጣሪያውን እያየ ሲያመሰግናት እኔም አብሬ ኮራሁ።

የገና ሰሞን ያ ዘመዳችን አዲስ አበባ መጣና ቤታችን ምሳ በላ። ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየና፣ «ይሄ ነው እንግዲህ ትምህርቷ» አለኝ። አልገባኝም። ለካ ልጄ በትርፍ ሰዓት እየሠራች ያጠራቀመችው ለነርስ ረዳትነት ኮርስ መመዝገቢያ ነበር። ከመጋዘን ሥራ ለመውጣት ያሰበችበት መንገድ እሱ ነበር። የመስከረሙ ምዝገባ አለፋት። ኮርሱን የጀመረችው በሰኔ 2017 ነው፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ በሌሊት ካርቶን ስታነሳ ከረመች ማለት ነው። ወገቧን እንደሚያማትም የሰማሁት ያን ዕለት ከእሱ ነው። ምሳውን እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም።

ማታ ደውዬ ሂሳቧን አንድ በአንድ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። «አባዬ ተወው፣ አልፏል» አለች። አልተውኩም። ያወጣነው ይህንን ነው። ከ2,880ው ዶላር የማዕከላዊው መንግሥት፣ የክፍለ ግዛቱና የካውንቲው ግብር ይነሳል፤ ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና የሚቆረጠው ብቻ ከመቶው 7.65 ነው። እጇ የሚገባው ወደ 2,300 ነው። በመሥሪያ ቤቷ በኩል የጤና ኢንሹራንስ 130። ለአንዲት ክፍል፣ ያውም ቤዝመንት፣ ኪራይ 850። ምግብ 350። በሌሊት አውቶቡስ በማይገኝበት ሰዓት በታክሲ እየተመለሰች ለመጓጓዣ 190። ስልክ 40። የዘመዳችን የትኬት ብድር በወር 300። ልብስ ማጠቢያው፣ የክረምት ካፖርቱ፣ ጫማው፣ ሳሙናው ተደምሮ 150። ቀሪ 290 ዶላር። ያውም ምንም ካልታመመች፣ ፈረቃ ካልተቀነሰባት ነው። ገና ስትገባ ለአከራዩ ማስያዣ ያስቀመጠችው የአንድ ወር ኪራይ እዚህ ውስጥ የለም።

እኔ ያባዛሁት 2,880ን ነበር። የእሷ ገንዘብ ግን 290 ነው። ከእሱም ላይ ለትምህርት፣ ለመኪና፣ ለክፉ ቀን ይወጣል።

ወላጆች ብዙም የማናውቀው ሌላ ነገር አለ። እዚህ አገር ሰው ሲቸገር ዋስ ይጠራል፤ እድሩም እቁቡም በሰው መተዋወቅ ላይ የቆመ ነው። እዚያ አፓርታማ ለመከራየት፣ መኪና በዱቤ ለመግዛት፣ አንዳንዴ ለስልክ ውል እንኳ የሚታየው የብድር ታሪክ ነው። አዲስ የገባ ሰው መጥፎ ታሪክ ስላለው ሳይሆን ምንም ታሪክ ስለሌለው ይከለከላል። ልጄ ባንክ ገብታ 300 ዶላር አስያዘች፣ በዚያው ልክ የምትጠቀምበት የክሬዲት ካርድ ሰጧት። በገዛ ገንዘቧ ዋስትና መበደር ማለት ነው። በካርዱ ትንሽ ትንሽ አስቤዛ ትገዛለች፣ ቀኑ ሳያልፍ ሙሉውን ትከፍላለች። ነጥቧ መታየት የጀመረው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ክፍያው ሠላሳ ቀን አልፎት ከተመዘገበ ግን ያ ጥፋት እስከ ሰባት ዓመት ከስሟ ጋር ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አንዳንዶቻችን፣ «ካርድ አለሽ አይደል፣ በካርድሽ ላኪልኝ» ስንል ምን እያልን እንደሆነ እንወቅ። በክሬዲት ካርድ የሚላክ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ይቆጠራል፤ ክፍያ አለው፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል። ለበግ መግዣ የተላከች መቶ ዶላር ከበጉ ቆዳ በኋላም ስትከፈል ልትቆይ ትችላለች።

ስለ ግብርም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም በየዓመቱ በጥርና በሚያዝያ መካከል «የታክስ ተመላሽ ደርሶታል» የሚለው ወሬ እዚህ ድረስ ይሰማል። ተመላሽ ማለት ዓመቱን ሙሉ ከደመወዙ በትርፍ የተቆረጠበት ነው፤ የራሱ ገንዘብ እንጂ ስጦታ አይደለም። «እናትና አባትህን ጥገኛ ብለህ ብትሞላ ብዙ ይመለስልሃል» የሚል መካሪም አይጠፋም። የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነና እዚያ የማይኖር፣ እኛን የመሰለ ወላጅ፣ በልጁ የግብር ቅጽ ላይ እንደ ጥገኛ አይሞላም። ለእኛ የላኩት ገንዘብም ግብራቸውን አይቀንስላቸውም። ሐሰት ሞልቶ የተገኘ ልጅ ገንዘቡን ከነቅጣቱ ይመልሳል። ዜግነት ሲጠይቅም ይነሳበታል። የሚመክሩትን ሰዎች ስለማውቃቸው ነው ይህን ያህል የምለው።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኔ በበኩሌ የመጀመሪያው ዓመት የልጁ ነው እላለሁ። ከቤት ወጥቶ ሌላ ቤት እያቆመ ነው፤ ያቺ ዓመት ከተበላች የሚቀጥሉት አምስት ዓመታት በመጋዘንና በመኪና ማቆሚያ ሊያልፉ ይችላሉ። ሕመም ከመጣ ይነገረው፣ አይደበቅም፤ ልጅም በኋላ ሲሰማ የሚጎዳው መደበቁ ነው። ጣሪያ ግን ይጠብቃል። ሠርግም ይጠብቃል፣ ወይም ድንኳኑ ያንሳል። ስልክ ስንደውል የእገሌ ልጅ ለእናቱ ቤት ገዛ የሚለውን ወሬ ብንተወው ደስ ይለኛል፤ ልጄ እንደነገረችኝ ከጥያቄው ይልቅ የሚከብደው እሱ ነው። ጥያቄውን «አልችልም» ብለው ሊመልሱት ይችላሉ፣ ለወሬው ግን መልስ የለውም።

ዓመቱ ሲያልፍ ደግሞ የሚላከውን መጠን እነሱ ይወስኑት። ልጄ አሁን የነርስ ረዳት ሆና አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በቀን ፈረቃ ትሠራለች። በየወሩ 100 ዶላር ትልካለች፣ ቀኑም መጠኑም የታወቀ ነው። አንድ ቀን ሲበዛ አይቼ መልሼ ደውያለሁ። ባለቤቴ፣ «ገንዘብ ሲበዛበት የሚቆጣ ሰው አንተን አየሁ» ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ሰኞ ዕለት ያቺን ወረቀት ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና አፍልተው ነበር። በ16 ዶላር ሠራነው፤ ኪራዩን ግን አያውቁትም፣ ምግቡንም፣ የሚሄድበትንም። «ሰባት ወር ስናወራ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም» አሉ። ስልካቸውን አንስተው በኢሞ ደወሉ። እኛ ጋ አመሻሽ፣ እሱ ጋ ጠዋት ነው፤ ከሌሊት ሥራ ገና መግባቱ ነበር።

«ልጄ፣ የቤት ኪራይህ ስንት ነው?»

ዝም አለ። ከዚያ፣ «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው? ማን ምን ነገረሽ?» አለ።

«ማንም አልነገረኝም። ማወቅ ፈልጌ ነው።»

መናገር ጀመረ። ኪራዩን ነገራቸው፣ ሁለት ሆነው በአንድ ክፍል እንደሚያድሩ ነገራቸው፣ የቀደመው ወር ስልኩ ስለተቋረጠ እንጂ ስለረሳቸው እንዳልጠፋ ነገራቸው። እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። ሁለተኛውን ስኒ ጠጥቼ፣ በረካውን ሳልጠብቅ፣ ወረቀቱን ረከቦቱ አጠገብ ትቼላቸው ወጣሁ።