«የማይራመድ ሰው አጥንት ለምኑ?» ላሉት ጸሐፊ

«የማይራመድ ሰው አጥንቱ ቢሳሳ ምን ይጎዳዋል? ካልሲየም ይበቃዋል» ብለው የጻፉት ሰው፣ ከተሽከርካሪ ወንበር ወደ አልጋ መዛወርን አይተው አያውቁም መሰለኝ። ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው አጥንት፣ በተለይ ጉልበቱ ዙሪያ፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በፍጥነት ይሳሳል። ከዚያ በኋላ በዝውውር ጊዜ እግሩ ትንሽ ቢጠማዘዝ እንኳ ሊሰበር ይችላል። አጥንቱ የሚሳሳው በዋናነት ሸክም መሸከም ስላቆመ ነው፤ የካልሲየም እንክብል ብቻውን አይመልሰውም።

«ደግሞስ ሕመሙ አይሰማውም» ይላሉ (ይህቺስ አናደደችኝ)። አደጋው እኮ እሱ ነው! ስብራቱ ሳይታወቅ ይሰነብታል። የኅብለ ሰረሰሩ ጉዳት ከደረት አጋማሽ በላይ ከሆነ ደግሞ ስብራቱ የደም ግፊቱን በድንገት አደገኛ ደረጃ ላይ ሊያደርሰው ይችላል።

ቤተሰቦች ሆይ፣ እግሩ ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም የጡንቻው መኮማተር ከባሰ «ወለምታ ነው» ብላችሁ በወጌሻ አታሳሹት፤ ራጅ ይነሳ።