«ኤክሴፕት» የምትለዋ ቃል ስንቱን ጣለች?

ለመሆኑ የኛ ልጅ ባዮሎጂ ሲፈተን የሚጠየቀው ባዮሎጂ ነው ወይስ እንግሊዝኛ? እንዲያው ለነገሩ ያህል አይደለም የምጠይቀው። ከሾላ ገበያ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በየመብራት እንጨቱ «ቤት ለቤት እናስጠናለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ያለው ይከፍላል። እናቷ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ የምታሳድጋት ልጅስ?

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ሲወስድ፣ ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኝ መሀል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ብቻ ነበር። 3.3 በመቶ! በዓመቱ ደግሞ 3.2። በ2017 ዓ.ም. 8.4 ደረሰ ተባለ፤ እልል እንበል? ከትምህርት ሚኒስቴር በኩል ጎልቶ የተሰማው የኩረጃ ነገር ነው። ኩረጃ መቅረቱ ደግ ነው፣ ማን ይጠላል? ግን ያ ሁሉ ልጅ ጥያቄው ራሱ ገብቶታል ወይ?

ሁሉንም በእንግሊዝኛ አላላክክም። የ1986ቱ ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ አደረገ። በአፍ መፍቻ መማሩን አልቃወምም፤ መሻገሪያው ድልድይ የታለ ነው የምለው።

አንዲት ቃል እንውሰድ። «ኤክሴፕት» ጥያቄው መጨረሻ ላይ ትወሸቃለች፤ «በስተቀር» ማለት ናት። ያላስተዋላት ልጅ መጀመሪያ ያገኘውን እውነት አጥቁሮ ያልፋል። ባዮሎጂውን እኮ ያውቀዋል! ሰዋስዉም እንደዚሁ ነው። እኛ «በሰኞ ዕለት፣ በጠዋት፣ በአውቶቡስ» ብለን በአንድ «በ» የምንገላገለውን፣ እንግሊዝኛው «ኦን»፣ «ኢን»፣ «ባይ» እያለ ይበታትነዋል። የኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፣ የነሱ መሀል። ይህን እያነጻጸረ የሚያስረዳ ሰው ያገኘ ልጅ ቶሎ ይነቃል።

አስጠኚው ግን በአብዛኛው የሚሸጠው የድሮ ፈተና መልስ ነው። ምንባቡን ተወው፣ ጥያቄውን እይ፣ ቃሉን ፈልግና አክብብ! ይህ ብልጠት እንጂ ንባብ አይደለም። (ጥያቄው ሲቀየር ደሞ ብልጠቱም ያልቃል።)

መምህራን የሚሠለጥኑበት የኮተቤ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። የእንግሊዝኛ ሠልጣኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ በየካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከልጆቹ ጋር ሁለት ሰዓት ምንባብ ቢያነቡ ምን ይጎድላል? የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቤተ መጻሕፍቱን ያስከፍት፣ ለሠልጣኞቹ የታክሲ ይቁረጥላቸው። በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ያን የሚያክል ፓርክ የከፈተ መንግሥት፣ ከተራራው ሥር ላለችው ልጅ የታክሲ ሒሳብ አጣሁ ሊለን ነው?