ወረቀቱን እስከ ግርጌው!

«ምርጫ» በተባለ ቁጥር ዓይኑ ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጥ ሰው አለ። ዋሽንግተን ማን ነገሠ፣ ማን ወደቀ እያለ በየሻይ ቤቱ ሲሟገት ይውላል። የገዛ ቤቱን የመብራት ዋጋ ማን እንደሚወስን ብትጠይቁት ግን አፉን ይዞ ይቀራል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ሌላው ደግሞ ሁሉን ነቄ ነኝ ባይ ነው። «ሁለቱም ፓርቲ ያው የሀብታም ፓርቲ ነው፤ ምርጫው ቲያትር ነው» ይልና እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሁለቱ ተቃዋሚዎች ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው፤ አንዳቸውም የድምፅ መስጫውን ወረቀት ግርጌ አያነቡም። ክሳችን በሁለቱም ላይ ነው። ምስክራችንም የአሜሪካዋ ጆርጂያ ናት። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ለመሆኑ ወረቀቱ ላይ ምን አለ? ከላይ የፌዴራሉ ይመጣል፦ ፕሬዚዳንት፣ ሴናተር፣ የኮንግሬስ አባል። ቀጥሎ የክፍለ ግዛቱ፦ ገዥው፣ ሕግ አውጪዎቹ፣ ኮሚሽነሮቹ። ከዚያ በታች የካውንቲውና የከተማው፦ ሸሪፉ፣ የትምህርት ቦርዱ፣ ከንቲባው። ጆርጂያ 159 ካውንቲዎች አሏት፤ እያንዳንዱም የራሱን ሸሪፍ ይመርጣል። የካውንቲውን እስር ቤት የሚያስተዳድረው እሱ ነው እንጂ ሴናተሩ አይደለም። የልጆችን ትምህርት ቤት በጀት የሚያጸድቀው ቦርዱ ነው እንጂ ፕሬዚዳንቱ አይደለም። ታዲያ ታች ያለው ሁሉ ትንሽ ነው ያለን ማነው?

«ቲያትር ነው» ለሚለው ወንድማችን አንድ ጥያቄ አለን። ድምፅ እንዲህ ከንቱ ከሆነ፣ ጌቶቹ ሚዛኑን ሲያጭበረብሩ ስለምን ዘመናቸውን ፈጁ? በጆርጂያ ድሃው «ለመምረጥ ግብር ክፈል» የተባለው፣ ጥቁሩ ሕዝብ ከዴሞክራቶች የእጩ መምረጫ የተባረረው ለቀልድ ነበር እንዴ? የምርጫው ግብር የቀረው በ1945 ነው። የነጭ ብቻ የነበረው የእጩ መምረጫ በፍርድ ቤት የፈረሰው በ1946 ነው።

ይህ ሁሉ ከፈረሰም በኋላ ሌላ ወጥመድ ቀርቶ ነበር። በ1917 ሕግ የሆነው የካውንቲ ነጥብ ሰው አይቆጥርም፤ ካውንቲ ነው የሚቆጥር። 8ቱ ትልልቅ ካውንቲዎች ስድስት ስድስት፣ ተከታዮቹ 30ዎቹ አራት አራት፣ የቀሩት 121 ደግሞ ሁለት ሁለት ነጥብ ይይዙ ነበር። በ1960ው ቆጠራ፣ አትላንታ ያለችበት ፉልተን 556,326 ሰው ይዛ 6 ነጥብ ስታገኝ፣ ኤኮልስ 1,876 ሰው ይዛ 2 ነጥብ ታገኛለች። እስቲ አስሉት! አንድ የኤኮልስ ሰው የፉልተንን ዘጠና ዘጠኝ ሰው ያህል መዘነ። በ1946 ጄምስ ካርማይክል በሕዝብ ድምፅ በልጦ ሳለ፣ የነጭ የበላይነት ሰባኪው ዩጂን ታልማጅ በነጥብ አሸነፈው። ይህን ሚዛን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1963 «አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ» ብሎ እስኪቀብረው ድረስ ስንቱ ተታሏል! ሌባ ባዶ ቤት አይሰብርም፤ የተሰረቀው ነገር ዋጋ ነበረው።

አሁን ወደ ቅርቡ እንምጣ። የጆርጂያ ፓወር ኩባንያን የመብራት ታሪፍ የሚያጸድቀው አምስት አባላት ያሉት የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ነው። በፕላንት ቮግትል የተሠሩት ሁለት አዳዲስ የኑክሌር ማመንጫዎች ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጁ። ከዚያ ውስጥ ከ7 ቢሊዮን በላይ የሆነውን ወጪ ደንበኛው እንዲሸከመው በ2023 የፈቀደው ይኸው ኮሚሽን ነው። በ2022 ሊደረግ የነበረው የኮሚሽኑ ምርጫ፣ የአመራረጡ ዘዴ የጥቁሮችን ድምፅ ያዳክማል በሚል ክስ ምክንያት ቀረ፤ ባለ ወንበሮቹም ሳይመረጡ ቆዩ። ሕዝቡ የሚጮኸው ሂሳቡ ቤት ከደረሰ ወዲያ ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

በ2025 ኅዳር ግን ቀኑ ደረሰ። ፕሬዚዳንት በሌለበት፣ የቴሌቪዥን ሆይ ሆይታ ባነሰበት ምርጫ፣ ሁለቱ ባለ ወንበሮች ተሸነፉ። ፒተር ሃባርድና አሊሺያ ጆንሰን እያንዳንዳቸው ከመቶ ስድሳ በላይ አግኝተው ገቡ። ዴሞክራቶች ክፍለ ግዛት አቀፍ በሆነ የጆርጂያ ሥልጣን ሲያሸንፉ ከ2006 ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው። መብራት ረከሰ ማለታችን አይደለም፤ ከአምስት ሁለቱ አብላጫ አይሆንም። ከተመዘገበውም መራጭ አብዛኛው ያን ቀን ቤቱ ነበር። የመጣው ጥቂቱ ይህን ካደረገ፣ የቀረው ቢጨመር ምን ይሆን ነበር?

ይህ ነገር በአትላንታና በክላርክስተን ዙሪያ ለሚኖረው ወገናችንም ነው። ዜግነት ወስዶ በአራት ዓመት አንዴ ለፕሬዚዳንት ብቻ ብቅ የሚል ሁሉ፣ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው ለሱ ነው። ገዥው ማን እንደሆነ ሳያውቁ መማረር ቀላል ነው፤ ሸሪፉንና ኮሚሽነሩን በስም አውቆ መጠየቅ ግን ሥራ ይጠይቃል።

እንግዲህ ሰማይ ማንጋጠጡም፣ እጅ አጣጥፎ ማሽሟጠጡም ይብቃ። ወረቀቱ ሲሰጠን ከላይ ጀምረን እስከ ግርጌው እናንብብ፤ እስከ ግርጌውም እንምረጥ!