ጥፊው የትኛው አንቀጽ ውስጥ ነው?

ባል ሚስቱን በጥፊ መታ እንበል። ፊቷ አበጠ፣ ዐይኗ ሥር ጠቆረ፣ በሳምንቱ ምልክቱ ጠፋ። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ "ተደበደብኩ" ብትል የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 560 ቀላል ሰንበርን፣ እብጠትንና ቶሎ የሚያልፍ ሕመምን እንደ አካል ጉዳት አይቆጥራቸውም። "የእጅ እልፊት" ይለዋል። ቅጣቱ እስከ 300 ብር መቀጮ፣ ነገሩ ከበድ ካለ ደግሞ እስከ ሦስት ወር ቀላል እስራት። ያውም እሷ አቤት ካለች!

300 ብር። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሰው ደህና ምሳ አይበላበትም።

ይሄ ሐሳብ ከ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተወረሰ ነው። ሳነበው ፊቴ የሚመጣው ጠጅ ቤት የተጋጩ ሁለት ጎረምሶች ናቸው። ለእነሱ ያስኬዳል፤ ተቧቅሰው በየቤታቸው ይገባሉ። ቤቱ አንድ ሲሆንስ?

"ቆይ፣ የቤት ውስጥ ጥቃት የራሱ አንቀጽ አለው አይደል?" የሚል አይጠፋም። አለው፣ 564። ግን እስቲ አንብቡት። የራሱ ቅጣት የለውም፤ ከ555 እስከ 560 ያሉትን ተመልከት ብሎ ይመልሳችኋል። ሚስቱን የመታ ሰው መንገድ ላይ የማያውቀውን ሰው እንደመታ ይቆጠራል። ስለ መደጋገም 564 አንድ ቃል አይናገርም፤ ሃያኛው ጥፊም ጥፊ ነው፣ አለቀ።

የባሰው ደግሞ ይኸውና። 564 የሚያወራው ከባድ ወይም ቀላል ጉዳት ስላደረሰ ሰው ነው። የሚጠቅሰው ዝርዝር ግን ጉዳት የሌለበትን 560ንም ይጨምራል። ታዲያ ጥፊው 564 ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም? ሕግ አውጪው ያልጨረሰውን ዐረፍተ ነገር የጣቢያ መርማሪ በግምቱ ይጨርሰው ማለት ነው?

እኔ የምለው፣ ክፍሉ እንደገና ይደራጅ። የቤት ውስጥ ድብደባ ትርጉሙንና ቅጣቱን ራሱ ይያዝ። መደጋገሙ ቅጣት ያክብድ። ሰንበርም ጉዳት ይባል። ክሱ ደግሞ በእሷ አቤቱታ ላይ አይንጠልጠል፤ ቀላል ጉዳትን የሚቀጣው 556 እንኳ በመነሻው አቤቱታ ይጠይቃልና።

"ትዳር ታፈርሳላችሁ" ይሉናል። ሽማግሌ ይቀመጥ፣ ይምከር፣ ያስታርቅ፣ ማንም አልከለከለውም። ግን ዛሬ ሽማግሌው "በይ አቤቱታሽን አንሺ" ካላትና እሺ ካለች፣ ዐቃቤ ሕጉ እጁ ላይ ምን ይቀረዋል?