ርካሹ ጭነት ከዒድ በኋላ ሲደርስ

በደይራ የባሕር ሰርጥ ዳርቻ የተደረደሩት የእንጨት መርከቦች ዛሬም ጎማ፣ ማቀዝቀዣና የታሸገ ምግብ ይጭናሉ። ከዱባይ ደቡብ ምዕራብ እ.ኤ.አ. በ1979 የተከፈተው የጀበል ዓሊ ወደብ ግዙፍ የኮንቴነር መርከቦችን ያስተናግዳል። የዱባይና የሻርጃ አውሮፕላን ማረፊያዎችም የዕቃ በረራዎችን ይቀበላሉ። በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን ለሚነግደው ኢትዮጵያዊ የማጓጓዣ አማራጭ አልጠፋም። የጎደለው አመራረጡ ነው፤ ብዙው ምርጫ «ኪሎው ስንት ነው?» በሚል አንድ ጥያቄ ይቋጫልና።

ጥያቄው ስሕተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። የጭነት እውነተኛ ዋጋ የሚታወቀው ዕቃው መርካቶ ሱቅ ሲገባ፣ ያውም ገዢው በሚፈልገው ቀን ሲገባ ነው። የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ረመዳን በየዓመቱ ወደ ፊት ይቀድማል። ባለፈው ዓመት ባዘዘበት ቀን ዘንድሮም የሚያዝዝ ነጋዴ ሳያውቀው 11 ቀን ዘግይቷል። የዒድ ልብስ ከዒድ በኋላ ከደረሰ ከማጓጓዣው የተረፈው ገንዘብ ለወራት በመጋዘን የሚታሰረውን ካፒታል አይተካም።

ባሕር ለከባድና ለማይቸኩል ዕቃ ተመራጭ ነው። ሆኖም ጂቡቲ መድረስ የመንገዱ ግማሽ ብቻ ነው። ከዚያ በጭነት መኪና ወይም 750 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው የባቡር መስመር ወደ መሐል አገር መጓዝ፣ በሞጆ ወይም በሌላ ደረቅ ወደብ የጉምሩክ ሥርዓት መፈጸም ይቀራል። የመርከብ ድርጅቶች ለኮንቴነር ያለ ክፍያ የሚፈቅዱት ቀን ውስን ነው። ሰነዱ ያልተሟላ ባለዕቃ ቀኑ ካለፈ በኋላ የኮንቴነር መዘግየት ቅጣትና የመጋዘን ኪራይ ይቆጠርበታል። በዚህ ጊዜ «ርካሹ ባሕር» ርካሽነቱን ያጣል።

አየርም የራሱ ስሌት አለው። የአየር ጭነት የሚከፈልበት በክብደት ብቻ ሳይሆን በሚይዘው ቦታም ነው፤ በተለመደው ስሌት አንድ ሜትር ኩብ 167 ኪሎ ሆኖ ይታሰባል። ስለዚህ 100 ኪሎ የሚመዝን፣ ግን አንድ ሜትር ኩብ የሚይዝ የስፖንጅ ፍራሽ የ167 ኪሎ ዋጋ ያስከፍላል። ስልክና የመኪና መለዋወጫ በአየር ቢሄዱ ያዋጣሉ፤ ፍራሽና ፕላስቲክ ግን ቦታቸው ባሕር ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚጓዘው የኢትዮጵያ ምርት ይህንኑ ያስተምራል። የበግና የፍየል ሥጋ ስለሚበላሽ ከቦሌ በአውሮፕላን ወደ ገልፍ ይገባል፤ ቡና ግን በጆንያ ሆኖ በኮንቴነር በባሕር ይጓዛል። ላኪዎቹ አየርን ወይም ባሕርን በጅምላ አልመረጡም፤ ለየዕቃው ጠባይ የሚስማማውን መረጡ። የባሕረ ሰላጤው ነጋዴም አንዱን ትዕዛዝ ለሁለት ሊከፍለው ይችላል፦ ለመጀመሪያዎቹ የሽያጭ ቀናት የሚበቃውን በአየር፣ ቀሪውን አስቀድሞ በባሕር።

ሙሉ ኮንቴነር የማይሞሉ አነስተኛ ነጋዴዎች ዕቃቸውን በአንድ ላይ መጫናቸው ወጪን ይቀንሳል፤ ነገር ግን የአንዱ ሰነድ ጉድለት የሁሉንም ዕቃ ሊያስቆም ይችላል። የአጅማንና የሻርጃ መጋዘኖች በኪራይ ቅናሽ ይመረጣሉ፤ ይሁንና ዕቃውን ከዚያ ወደ ጀበል ዓሊ የሚያደርሰው መኪና ሒሳብም ከቅናሹ ላይ መቀነስ አለበት።

የዕቃ አስተላላፊዎችም ኃላፊነት አለባቸው። የባሕሩን ዋጋ ብቻ ጠርቶ የወደቡን፣ የየብሱንና የመጋዘኑን ክፍያ መደበቅ በአማና ላይ ማጉደል ነው። ኢስላም የዕዳ ውል በጽሑፍ እንዲሰፍር ማዘዙ በወዳጆች መካከልም ቢሆን ክርክርን አስቀድሞ ለመዝጋት ነው። በአገር ልጅነት ብቻ፣ በስልክ ቃል ብቻ የሚላክ ጭነት ሲጠፋ ወይም ሲዘገይ የሚጎዳው ንግዱ ብቻ አይደለም፤ ወዳጅነቱም ይፈርሳል።

እንግዲህ ከ«ኪሎው ስንት ነው?» በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይቅደሙ፦ ዕቃው በየትኛው ቀን መድረስ አለበት? እስከ ሱቁ በር ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? ቢዘገይ ወይም ቢበላሽ ተጠያቂው ማን ነው? የሦስቱ መልስ በወረቀት ላይ ከሰፈረ ዋጋውን መነጋገር ያን ጊዜ ትርጉም ይኖረዋል።