«ችግር የለም» እያሉ ሞላ መቁረጥ

በዚህ ከተማ በነፃ ተሰጥቶ ኋላ በውድ የሚያስከፍል አንድ ቃል አለ፤ «ችግር የለም»። ቧንቧ ሠሪው ይለዋል፣ ደላላው ይለዋል፣ እኛም ቀጠሮ ስናረፍድ እንለዋለን። ጋራዥ ውስጥ፣ መቁረጫ ከያዘ ሰው አፍ ስንሰማው ግን ዝም ማለት አቃተን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመሃላችን የአንዱ ጓደኛ የአባቱን ፒክአፕ ዝቅ ማስደረግ አማረው። የካሊፎርኒያ ልጆች መሬት ለመሬት የሚያስኬዷቸውን ፒክአፖች በቪዲዮ አይቶ እንቅልፍ አጥቷል። ሜካኒኩ ከፊት ሞላውን ሁለት ዙር ቆረጠ፤ ከኋላ በአክስሉና በባሌስትራው መሃል ብረት ከተተ፤ «ችግር የለም» ብሎ ሂሳቡን ተቀበለ። በሦስተኛው ቀን መኪናው ዕቃ ጭኖ ብሬከር ሲዘል አክስሉ ሻንሲውን መታ። በአክስሉ ላይ የምታልፈው የፍሬን ቱቦ በሁለቱ ብረት መሃል ተጨፈለቀች። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲረገጥ ፔዳሉ ወለል ነካ። ያዳናቸው የግንብ አጥር ነው። ሰው አልሞተም፤ የቤቱ እንጀራ ግን ለሁለት ወር ቆመ።

ይህን ስንናገር ታላላቆቻችን «ድሮስ ብለን ነበር፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» ይሉናል። ከእነሱም ጋር አንስማማም። መኪናን ማስዋብ ኃጢአት አይደለም። ቤቱን ቀለም የሚቀባና ሱሪውን የሚያሳጥር ሁሉ ቀበጠ አይባልም። ዝቅ ያለ መኪና ክብደቱ ወደ መሬት ስለሚቀርብ ኩርባ ላይ ያን ያህል አይወዛወዝም። ጠባችን ከዝቅታው ጋር አይደለም፤ ሳይለኩ ከመቁረጥ ጋር ነው።

እስኪ ሂሳቡን እንሥራው። ከአክስሉ እስከ ላይኛው የጎማ ማቆሚያ 12 ሳንቲም ክፍተት ነበር እንበል። መኪናውን 10 ሳንቲም ዝቅ ስታደርጉት የቀረው 2 ነው። በ2 ሳንቲም ደግሞ ዛሬ ምንም አይገዛም! ኮብልስቶኑ፣ ጉድጓዱ፣ ብሬከሩ፣ ጭነቱ ሁሉ ከዚያች 2 ሳንቲም ላይ ነው የሚቀነሰው። «ዝቅ ሲል ደረቀ፣ ነረተን» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሞላውን ይወቅሳሉ እንጂ ማቆሚያው ላይ ተቀምጠው እየነዱ መሆኑን አያውቁም።

ይህን ችግር በሙያው የሚያውቁት ሰዎች ከፈቱት ቆይተዋል። ከፊት፣ ሞላ ከመቁረጥ ይልቅ የጎማው መያዣ ዘንግ ወደ ላይ ከፍ ብሎ የተሠራበት ስፒንድል ይገጥማሉ። አካሉ 5 ሳንቲም ገደማ ይወርዳል፤ የሞላው መንቀሳቀሻ ግን አይነካም። ከዚያ በላይ የፈለገ ለዚያው ተብሎ የተሠራ አጭር ሞላ ይጨምራል። የተቆረጠ ሞላ ግን ጫፉ መቀመጫው ላይ በደንብ አያርፍም፤ ጎማው ሲንጠለጠል ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በኦክስጅን እያሞቁ ማሟሸሽ ደግሞ የባሰ ነው፤ የብረቱን ጥንካሬ ራሱን ይገድለዋል።

ከኋላ አክስሉ ከባሌስትራው በላይ ከሆነ በመሃል የሚገባ ብረት ዝቅ ያደርጋል። አክስሉ ከባሌስትራው በታች ከሆነ ግን ያው ብረት መኪናውን ከፍ ያደርገዋል፤ እዚያ የሚያስፈልገው አክስሉን ከባሌስትራው በላይ ማስቀመጥ ነው። ያኔ አክስሉ ወደ ሻንሲው ይጠጋል። ስለዚህ ሻንሲው ከአክስሉ በላይ በቅስት ይቆረጥና በወፍራም ብረት ይጠናከራል። ሻንሲ መቁረጥ የመኪናን አከርካሪ መቁረጥ ነው፤ ማጠናከሪያ ብረቱን የማያዘጋጅ ሰው መቁረጫውን ባይነካው ይሻላል።

በዚህም አያበቃም። የድሮው አሞርዛቶር ለአዲሱ ቁመት ይረዝማል፤ ታጥፎ ያልቅና መምታት ይጀምራል፤ አጭር መግዛት ግድ ነው። ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ አንግሉ ይለወጣል፤ ካልተስተካከለ ይንቀጠቀጣል። በአንዳንድ ፒክአፖች ደግሞ ከኋላ ጭነትን እያየ የፍሬን ኃይል የሚመጥን ቫልቭ አለ። መኪናው ሲወርድ ቫልቩ «ተጭኗል» ብሎ ያስባል፤ ባዶ መኪና ላይ ለኋላ ጎማ ብዙ ፍሬን ይሰጣል። በክረምት አስፋልት ላይ ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልገንም።

ካሊፎርኒያን ለምትወዱ አንድ ነገር እንጨምር። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ከጎማ በቀር የትኛውም የመኪና ክፍል ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች እንዳይወርድ የሚያግድ ሕግ ነበር። በ1959 ሮን አጊሬ የሚባል ወጣት ኮርቬቱን በሃይድሮሊክ ከፍና ዝቅ አድርጎ ሕጉን አመለጠው። ሕጉ ከ2024 መግቢያ ጀምሮ ተነሥቷል። መለኪያው ግን አሁንም ይሠራል፤ ጎማ ቢፈነዳ መኪናው በቸርኬው ይቁም እንጂ በሆዱ አይንሸራተት። የቪዲዮ ጀግኖቻችን የሚያመልጡትን ሕግ እንኳ ለክተው ነበር የሚያመልጡት!

ስለዚህ ጋራዥ ስትገቡ ይህን ጠይቁ። ሞላውን አውጥቶ ጎማውን በክሪክ እስከ ማቆሚያው ያነሣዋል ወይ? እዚያ እንዳለ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሮ ጎማው ፓራፋንጎውን፣ ሻንሲውን፣ የፍሬን ቱቦውን የት እንደሚነካ ያሳያችኋል ወይ? ስትጨርሱ አላይመንት ያሠራል፣ የዩ ቦልቱን ብሎን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ መልሶ ያጠብቃል ወይ? ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። «ኧረ ችግር የለም» ካላችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ፒክአፑ የቤተሰብ እንጀራ ከሆነ ደግሞ ምክራችን አጭር ነው፤ አትንኩት። ዝቅ ያለ ፒክአፕ የድሮውን ያህል አይጭንም፤ ይጭናል የሚል ካለ ዋሽቷል። የራሳችሁ ከሆነ ግን ዝቅ አድርጉት፣ አሳምሩት፣ እኛም ቆመን እናያለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰ ዘይት ይለቀም ይሆናል፤ ቁልቁለት ላይ ያለቀ ፍሬን ግን የሚለቅመው የለም።